የቦሌ ቤቶችና የእኛ መዝገብ

ሰው ሲያረጅ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው «እስቲ የጥንቱን ያጫውቱን» ይሉታል፤ የከተማ ዕርጅና ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ክብር ሳያገኝ ያልፋል። ይልቁንም ከተማው ወጣት ሲሆን፣ ያረጀው ክፍሉ ማርጀቱን እንኳ የሚያምንለት አይገኝም። አዲስ አበባ ከተቈረቈረችበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ዘመን ቢቈጠር መቶ አርባ ዓመት ቢጠጋ ነው፤ ይህም በአክሱምና በላሊበላ፣ በጎንደርና በሐረር ፊት የሕፃን ዕድሜ ነው። ስለዚህ የቅርስ ነገር በተነሣ ጊዜ አሳባችን ወዲያው ወደ ሐውልትና ወደ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ፍልፍል ዓለትና ወደ ብራና ይሄዳል እንጂ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መስቀል አደባባይ በሚያመጣው ጐዳና ግራና ቀኝ ቆመው ወደሚታዩት ቤቶች አይመለስም። «በቦሌ ደግሞ ምን ቅርስ አለና ነው የሚጠበቀው?» የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ ሰምተናል። እኛም ራሳችን ይህንኑ እንጠይቅ ነበር። አሳባችንን ያስለወጠን አንድ ደብዳቤ ነውና፣ አንባብያን ቢታገሡን ነገሩን ከዚያ እንጀምራለን።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን እንደ ጨረስን በመንግሥት ሥራ ገብተን፣ እነሆ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነን ኖረናል። የመዝገብ ቤት ሥራ የታወቀ ነው፤ የገባውን ደብዳቤ በገቢ መዝገብ፣ የወጣውን በወጪ መዝገብ ጽፎ፣ ቍጥርና ቀን ሰጥቶ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ግልባጩን በዶሴው ማኖር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናገለግልበት ወደ ነበረው ጽሕፈት ቤት በቦሌ ስለሚገኝ አንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት የሚጠይቅ ደብዳቤ ገባ። ቤቱ ሊፈርስ ስለ ታሰበ፣ በቅርስነት የተመዘገበ ወይም ሊመዘገብ የሚገባው መሆን አለመሆኑ ተጣርቶ በአስቸኳይ ይገለጽ የሚል ነበር። እኛም ገቢ አደረግነው፤ ዶሴ ከፈትንለት፤ ወደሚመለከተው ክፍል መራነው። ክፍሉ ባለሙያ ልኮ አስጐበኘ። ባለሙያውም ቤቱ የዘመኑን አሠራር የሚያሳይ መልካም ምሳሌ ስለ ሆነ ሳይነካ እንዲቈይ የሚያሳስብ ረቂቅ አቀረበ፤ ረቂቁም ተተየበ። ከዚያ በኋላ ፈራሚው ለመስክ ሥራ ወጡ፤ ሲመለሱ ስብሰባ ያዛቸው፤ ከስብሰባው በኋላ ደግሞ አንዲት ቃል ትታረም ተባለና እንደ ገና ተተየበ። በመጨረሻ ተፈርሞ ሲመጣ ቍጥር ሰጥተን፣ ማኅተም አሳርፈን፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ጋር ሆነን በእጃችን ልናደርሰው ተነሣን። ቤቱ በምንሄድበት መንገድ ላይ ነበርና እግረ መንገዳችንን ልናየው ፈለግን።

ከቦታው ስንደርስ ያገኘነው በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ነው። ከአጥሩ በር ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ አረጋዊ ዘበኛ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ቤቱን ፈልጋችሁ ነው፣ ልጆቼ?» አሉን።

«አዎን፣ አባባ። ደብዳቤ ይዘን ነበር» አልናቸው።

በእጃችን ያለውን ፖስታ አዩትና «እግዜር ይስጣችሁ። ቤቱ ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የለም» አሉ።

አረጋዊው በዚያ ግቢ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ እንደ ነበረው፣ የበረንዳው ወለል በቀይና በነጭ ንጣፍ የተሠራ ስለ ሆነ ዝናብ ሲመታው እንደ መስተዋት ያበራ እንደ ነበር፣ የግድግዳው ግርጌ በተጠረበ ጥቍር ድንጋይ የተለበጠ እንደ ነበር፣ ከጓሮ በኩል ደግሞ እርሳቸው የኖሩበት ሰርቢስ ቤት እንደ ነበረ አንድ በአንድ ነገሩን። ዶዘሩ ከጧት ገብቶ ለምሳ ሳይወጣ ሥራውን ጨረሰ፤ ድንጋዩም በገልባጭ መኪና ተጭኖ ተሸጠ። ወደ ቢሯችን ተመልሰን ደብዳቤው ወጪ ከሆነበት ቀን ጋር ስናስተያየው፣ ቤቱ ከምድር ላይ ወጪ የሆነው ከዘጠኝ ቀን በፊት ሆኖ አገኘነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ተረት፤ በዚያ ቀን ውሻው እኛ ነበርን።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ጠያቂው ጠይቋል፤ ባለሙያው መርምሯል፤ ፈራሚውም ፈርመዋል፤ እኛም መዝግበናል። ሁሉም የድርሻውን ሠርቶ ሳለ ቤቱ ፈረሰ። ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ለማሳረፍ ብንችል ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ችግሩ ግን ከሥርዐቱ ላይ ነው፤ ይኸውም «ይህ ቤት ምንድን ነው?» ተብሎ የሚጠየቀው ዶዘሩ ከተከራየ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቦሌና በከተማይቱ ምሥራቅ በኩል ስንመላለስ፣ ቀድሞ አይተን ያላየነውን ማየት ጀመርን።

የቦሌ ታሪክ ከአውሮፕላን ታሪክ ተለይቶ አይነገርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቍሞ ሥራ ሲጀምር አውሮፕላኖቹ የሚነሡትና የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነበር። የጄት ዘመን በመጣ ጊዜ የልደታ ሜዳ አጠረ፤ ጄት ለመነሣትም ሆነ ለማረፍ ረጅም ሜዳ ይፈልጋልና። ስለዚህ ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ያለው የቦሌ ሜዳ ተመርጦ ማረፊያው ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት 17 ቀን የነጻይቱ አፍሪካ መሪዎች ከተማችን ገብተው፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር በአፍሪካ አዳራሽ ፈረሙ። አዳራሹን አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ኢጣልያዊ የሥነ ሕንፃ ሊቅ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ ነበር፤ በውስጡ ያለውን ታላቅ ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል የሠራው አፈወርቅ ተክሌ ነው። የቦሌ ጐዳና እንግዲህ የአውሮፕላኑን ሜዳ ከከተማይቱ ልብ ጋር ያገናኘ መንገድ ነው፤ ኋላም የአፍሪካ ጐዳና መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ጐዳና ዳርና ዳር፣ ወደ ውስጥም ገባ ብሎ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት ባለ ሰፊ በረንዳ ቪላዎች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ከነርሱ በፊት የነበረው የአዲስ አበባ ቤት የእንጨት ደርብና የተሸለመ ክፈፍ ነበረው፤ እነዚህ ግን ጣራቸው ዝቅ ያለ፣ መስኮታቸው የሰፋ፣ በሲሚንቶና በጥርብ ድንጋይ የተሠሩ፣ ዓለምን በአውሮፕላን መስኮት ማየት የጀመረ ትውልድ ቤቶች ናቸው። የስድሳ ዓመት ቤት አሮጌ አይደለም የሚል ቢኖር፣ የስድሳ ዓመት ሰው ጡረታ የሚወጣ መሆኑን ልናስታውሰው እንወዳለን።

በዚህ ላይ ሕግ ራሱ ከእኛ ጋር አሳቡን የለወጠ ይመስላል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1966 የወጣው አዋጅ ቍጥር 229 «ጥንታዊ» ብሎ የሚጠብቀው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። ይህን ስናነብ አንድ ነገር ወለል ብሎ ታየን፤ ይኸውም አዲስ አበባ የተቈረቈረችው ከ1850 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ሆነ፣ በከተማነቷ ከሠራቻቸው ቤቶች አንዱ እንኳ በዚያ ቍጥር ስር ሊገባ አይችልም ነበር። የዳግማዊ ምኒልክም ዘመን ሕንፃዎች ቢሆኑ ለዚያ ቍጥር ልጆች ነበሩ። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቍጥር 209/1992 ግን ቅርስን በዕድሜ ብቻ አይመዝንም፤ ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊና ኪነ ጥበባዊ ዋጋውን ይመለከታል፤ የማይንቀሳቀስ ቅርስም ያለ ቅርስ ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። ጎረቤታችን አስመራም ብትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው በሃያኛው መቶ ዓመት ሕንፃዎቿ ነው። እንግዲህ ሕጉ ሰፍቷል፤ ዓለምም ተስማምቷል፤ የቀረው የእኛ ዓይንና የእኛ መዝገብ ነው።

በአሮጌው ሕግ ቍጥር ያለ ጥርጥር የሚያልፍ ቅርስ በከተማይቱ ምሥራቅ ቢፈለግ ከየካ ተራራ ላይ ይገኛል፤ እርሱም ዋሻ ሚካኤል ነው። ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል፤ አጥኚዎች ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ዕድሜ ይሰጡታል። የማንኛው ቢጸና ከከተማይቱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። አንድ እሑድ ወጥተን ጐበኘነው። ጣራው ወድቋል፤ የድንጋዩ ግድግዳና ዐምዶቹ ግን እንደ ቆሙ ናቸው። ከዚያ ከፍታ ወደ ታች ሲመለከቱ ከተማይቱ እስከ ዓይን ድረስ ተዘርግታ፣ ከምሥራቅ በኩል ቤት በቤት ላይ ሲነባበር ይታያል። ብዙ የከተማችን ሰዎች ላሊበላን ለማየት ገንዘብ አጠራቅመው ሲሄዱ፣ ከደጃቸው ያለውን ይህን ፍልፍል ሳያዩት ኖረዋል። በእኛ ግምት ይህ የሆነው ቅርስ ሩቅ አገር ያለ ነገር ነው ብለን ስለ ለመድን ነው።

ታዲያ የከተማይቱ ምሥራቅ ለምን በዚህ ፍጥነት ተለወጠ? ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው በዛ። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,112,737 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ 2,739,551 ሆነ፤ ከዚህም ውስጥ የቦሌ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድገት በዓይናችን የምናየው ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው ቤት ያስፈልጋል፤ ለቤቱም መሬት፣ ለመሬቱም መንገድ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች አሠራር በገርጂ ከተሞከረ በኋላ ወደ ከተማው ዳርቻ ሁሉ ተስፋፋ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው የከተማ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የተባለ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። የአውሮፕላን ማረፊያው ራሱ በ1995 ዓ.ም. ሁለተኛ የመንገደኞች ሕንፃ ተጨመረለት፤ በ2011 ዓ.ም. እንደ ገና ሰፋ፤ አሁን ደግሞ እርሱም ስለማይበቃ በቢሾፍቱ አጠገብ ታላቅ ማረፊያ ሊሠራ ታቅዷል። ልደታ ለቦሌ እንደ ለቀቀ፣ ቦሌም ለሌላ የሚለቅበት ቀን እየቀረበ ነው ማለት ነው። የዚያን ጊዜ ያ ሰፊ ሜዳና በዙሪያው ያለው ሰፈር ምን ይሁን የሚለውን ጥያቄ፣ ዶዘር ከመቅረቡ በፊት ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።

በዕቅድ በኩል ከተማችን ድሃ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማርየን፣ በ1978 የሃንጋሪው ፖሎኒ፣ በ1986 የኢትዮጵያና የኢጣልያ ባለሙያዎች በጋራ፣ ከዚያም ወዲህ በ2003 እና በ2017 የራሳችን ሊቃውንት ታላላቅ ንድፎች አውጥተዋል። ንድፍ የሚወጣው ስለሚመጣው ሕዝብና ስለሚሠራው መንገድ ነው፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን የሚመጣውን የሚቈጥር መዝገብ ካለ፣ ያለውን የሚቈጥር መዝገብ ከጎኑ እኩል መሄድ ነበረበት። ዶዘሩ በንድፉ ላይ ሲመጣ ያ ሁለተኛው መዝገብ ገና ከተየባ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ቤት እንናገር፤ የቦሌውን ቪላ ብቻ አንሥተን ብናበቃ የባለጠጋ ቤት ጠበቃ እንባላለንና። እኛ የተወለድነው በካዛንቺስ ነው። ስሙ ራሱ በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረ ድርጅት የመጣ ነው፤ በጣልያንኛ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» የድርጅቱ ስም በምህጻር ነው። እኛም የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንን በኋላ ስሙ ስለ እኛ የወጣ እየመሰለን እንስቅ ነበር። የምንኖርበት ቤት ግን ከሠራተኞቹ ቪላዎች አንዱ አልነበረም፤ ከኋላቸው ከበቀሉት የጭቃ ቤቶች አንዱ፣ ሁለት ክፍል ያለው የቀበሌ ቤት ነበር። ክረምት ሲገባ ያፈስሳል፤ መጸዳጃውን ከሰባት ቤተ ሰብ ጋር እንካፈል ነበር። ይህን የምንደብቀው አይደለም። «አሮጌው ሰፈር ገነት ነበር» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በዚያ ሰፈር በሐምሌ ሌሊት ከጣራው በታች ድስት ደርድሮ ያላደረ ሰው መሆኑን ዕወቁ።

ከዓመታት በፊት የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ወጥቶልን ወደ ቦሌ አራብሳ ገባን። እናታችን ግን «እኔ ቀባሪዬን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?» ብለው ከካዛንቺስ አልነሣም አሉ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ግን ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ከእኛ ዘንድ መጡ። ውሃው ከቤት ውስጥ መኖሩን፣ መጸዳጃው የራሳችን መሆኑን፣ ጣራው አለማፍሰሱን እያዩ እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ። ከመጡ በሦስተኛው ወር አንድ ማታ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ «እማማ፣ ለመዱት?» ብንላቸው፣ «ልጄ፣ ቤቱስ ቤት ነው፤ ቡናውን ለማን ላፍላው?» አሉን። የምንመልሰው አጣን።

የአራብሳም ምድር ባዶ ሆኖ አልጠበቀንም። ዛሬ ሕንፃ የተሰለፈበት ቦታ ከእኛ በፊት የኦሮሞ ገበሬዎች ጤፍና ስንዴ ሲያርሱበት የኖረ ነው። የካ የሚለው ስም ኤካ ከተባለው የኦሮሞ ጎሣ የመጣ ነው፤ ቡልቡላም ለሚም እንደዚሁ ከከተማይቱ በፊት የነበሩ ስሞች ናቸው። እንግዲህ በከተማይቱ ምሥራቅ ከድንጋይና ከሲሚንቶ በፊት የቆየው ቅርስ ስሙ ነው። ስም ለመጠበቅ ደግሞ በጀት አያስፈልግም፤ አዲስ መንገድና አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት የአገሩን ሰው «ይህ ስፍራ ማን ይባል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የእርሻው ባለቤት መሬቱን ለቆ ስሙም ከጠፋ ግን፣ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል።

አንድ የምናከብረው ወዳጃችን ይህን ሁሉ ሰምቶ «ቤት ያጣ ሕዝብ ባለበት ከተማ፣ አንድ ቤተ ሰብ ብቻ የሚኖርበትን ቪላ ከነግቢው እናቈይ ማለት ግፍ አይሆንምን?» ብሎ ተከራከረን። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የምንመልሰውም፣ ሁሉ ይቈይ አላልንም የሚል ነው። ከመቶ ቤት አምስቱ እንኳ ቢመረጡ፣ የቀሩት ዘጠና አምስቱ ለሕዝቡ ቤት ቦታ ይለቃሉ። መምረጥ የሚቻለው ግን መቶውም ከመፍረሳቸው በፊት ከታወቁ ብቻ ነው። ሳይመርጡ ማፍረስና መርጦ ማፍረስ አንድ አይደለም። ደግሞም ምርጫው የቪላውን ብቻ ሳይሆን፣ የጭቃውን ቤት፣ የጠጅ ቤቱን፣ የዕድሩን አዳራሽ፣ የልብስ ሰፊውን በረንዳ የሚያይ መሆን አለበት። የእናታችን ቤት በማንም መዝገብ በቅርስነት አልገባም፤ ምናልባትም መግባት አልነበረበትም። ነገር ግን በዚያ ቤት አንድ የከተማ ሰው እንዴት ይኖር እንደ ነበር የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ልክ፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሊቀር ይገባ ነበር።

«ወረሰ» የሚለው ቃላችን ሁለት ትርጕም አለው። ልጅ የአባቱን ቤት ቢወርስ ቤቱን ጠባቂ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት በሆነ ጊዜ ግን፣ «ቤቱ ተወረሰ» ማለት ባለቤቱ ቀረ ማለት ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙው አሮጌ ቤት ተከራይ እንጂ የሚጠግነው ልጅ አልነበረውም፤ ተከራዩ «የመንግሥት ነው» ይላል፤ መንግሥትም ሺህ ቤት ስላለው አንዱን አያየውም። ጣራው አንዴ ካፈሰሰ በዐሥር ዓመት ግድግዳው ይሄዳል፤ ግድግዳው ሲሄድ ደግሞ «ያረጀ ነውና ይፍረስ» የሚል አሳብ በቀላሉ ይቀበሉታል። ለቅርስ የመጀመሪያው መድኃኒት እንግዲህ በጊዜ የተደረገ የጣራ ጥገና ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ቤት ሥራ ካለው ይኖራል። ለዚህ ምስክሩ ከቦሌ ጐዳና መነሻ ላይ፣ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ የቆመው የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት ነው። የከተማይቱ መቶኛ ዓመት በተከበረበት ጊዜ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆነና፣ ከዚያ ወዲህ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰው፣ የሚጠርገውና የሚጠግነው እጅ አላጣም። እያንዳንዱ አሮጌ ቤት ሙዚየም ይሁን አንልም። ቤተ መጻሕፍት፣ ክሊኒክ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ ምግብ ቤትም ቢሆን መልካም ነው።

በእኛ በኩል፣ እንደ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የሚከተለውን እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ አንድ ሰፈር ለአዲስ ሥራ በንድፍ ሲከለል፣ መሬቱ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያ በእግሩ ዞሮ ያለውን ይቍጠር፤ ቈጠራውም ከንድፉ ጋር አንድ ዶሴ ይሁን። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ቤት ጥያቄ ቀርቦ መልስ እስኪወጣ ድረስ ቤቱ አይነካ፤ መልስ ሰጪውም በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲመልስ ይገደድ፤ አለዚያ ቤት ፈላጊው ያለ ጥፋቱ ይጕላላል። ሦስተኛ፣ መፍረሱ የማይቀር ከሆነ ሳይለካና ፎቶግራፍ ሳይነሣ አይፍረስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዋርሶ አሮጌ ከተማ ወደ ፍርስራሽ በተለወጠ ጊዜ፣ ፖላንዶች እንደ ነበረ አድርገው መልሰው ሊሠሩት የቻሉት፣ ከዚያ አስቀድሞ የሥነ ሕንፃ መምህራንና ተማሪዎች ቤት በቤት እየለኩ የሣሉት ንድፍ ተደብቆ ስለ ተረፈ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሌለበት ክፍለ ከተማ የለም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ሜትርና ደብተር አስይዘው በዓመት አንድ መንገድ እንኳ ቢያስለኩ፣ በአንድ በኩል የሂሳብና የታሪክ ትምህርት ይሆናል፤ በሌላ በኩል ከተማይቱ ገንዘብ ሳታወጣ መዝገብ ታገኛለች።

የጽሑፋችንን መደምደሚያ ያገኘነው ባልጠበቅነው ስፍራ ነው። ባለፈው ዓመት የቀድሞው ሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ የነበሩት አረጋዊ አራብሳ ድረስ መጥተው አንድ ትልቅ ባለ ጠንካራ ልባስ መዝገብ ከእናታችን ፊት አኖሩ። ዓይናቸው ስለ ደከመ፣ «ልጅሽ የመዝገብ ቤት ሰው ነው አሉ፤ ይገልብጥልን» ብለው ነው። አባላቱ ዛሬ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ቢሆንም አንድ ሰው ሲሞት በታክሲም በአውቶቡስም ተሰብስበው ይቀብራሉ፤ ወርኃዊ መዋጮውም አልተቋረጠም።

መዝገቡን በየማታው መገልበጥ ጀመርን። ስሞቹ የተጻፉት በፊደል ተራ አልነበረም፤ ጸሐፊው ገንዘብ ሲሰበስቡ በሚዞሩበት በቤቶቹ ተራ ነው። ከወፍጮው ቤት ይጀምራል፤ በቀኝ በኩል ይወርዳል፤ ከቧንቧው ዘንድ ይታጠፋል፤ በግራ በኩል ተመልሶ ይወጣል። በየስሙ አጠገብ የቤት ቍጥር፣ የቤተ ሰብ ብዛት፣ ከቀብር የቀረ እንደ ሆነ መቀጫው ተጽፏል። እናታችን ከአጠገባችን ተቀምጠው፣ እኛ ስሙን ስናነብ እርሳቸው «እርሷ በሯ አረንጓዴ ነበር»፣ «እዚያ ዘንድ የሾላ ዛፍ ነበረ»፣ «ይህኛው ደጁን ለልጆች ኳስ ይለቅ ነበር» ይሉናል። እኛም በግርጌው እንጽፋለን። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በምድር ላይ የሌለ ሰፈር ከነቤቱ፣ ከነዛፉ፣ ከነሰው ስሙ በወረቀት ላይ ቆመ።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ ትርጕሙ የገባን ግን በዚያን ሰሞን ነው። ጸሐፊው የተማሩት እስከ ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ በጀትም ማኅተምም አልነበራቸውም፤ ነገር ግን የጻፉት ሰዎቹ ሳይበተኑ፣ ቤቶቹ ሳይፈርሱ ነው። እኛ ማኅተምና ቍጥር፣ መኪናና ባለሙያ ያለን ሰዎች የጻፍነው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

የቦሌውን ቤት ዶሴ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ እናስታውሰዋለን። በውስጡ ገቢ ደብዳቤው፣ የባለሙያው ረቂቅና የወጪው ግልባጭ አሉ። እኛም በራሳችን ፈቃድ አንድ ገጽ ጨምረንበታል፤ አረጋዊው ዘበኛ ስለ በረንዳው፣ ስለ ወለሉ ንጣፍና ስለ ጥቍሩ ድንጋይ የነገሩንን እንደ ሰማነው ጽፈን፣ ቀን አኑረንበት፣ ከግልባጩ በስተኋላ አስቀመጥነው። ለቤቱ የሚጠቅመው ነገር የለም። ነገር ግን ወደ ፊት ያን ዶሴ የሚከፍት ሰው፣ በዚያ ስፍራ ሰው የኖረበት በረንዳ እንደ ነበረ ያውቃል። አንባብያንም፣ በተለይ በመንግሥት ጠረጴዛ የተቀመጥን ሁላችን፣ ዛሬ ከፊታችን ያለውን ደብዳቤ ነገ ከማለት ዛሬውኑ ብንመልሰው፣ ለሚቀጥለው ቤት እንደርስለት ይሆናል።